አያቴ ለእናቴ ያወጣችላት ስም

ሥራዬ ስም መጻፍ ነው። መርሳ ከተማ ውስጥ በአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ከመስኮት ኋላ ተቀምጬ የተወለደውን፣ ያገባውን፣ የፈታውንና የሞተውን እመዘግባለሁ፤ መታወቂያም እሞላለሁ። እዚህ ግን የማንንም ስም አልጽፍም። የእናቴንም፣ የአያቴንም፣ የራሴንም አልጽፍም። ስም ሰልችቶኛል። ለምን እንደሰለቸኝ ስጨርስ ትረዱኛላችሁ፤ ባትረዱኝም ምን አደርጋለሁ።

የሰለቸኝ የመዝገቡ ስም ነው። ቅጽል ስም ቢሆን አገሬው ያለሱ መኖርም አይችል። ከቢሯችን ፊት ለፊት ሻይ የሚሸጠው ረጅም ሰውዬ «አንቴና» ነው። አሥር ጊዜ ተጠርቶ አንዴ የሚዞረው ጫኝና አውራጅ ደግሞ «ኔትወርክ የለም» ነው፤ ሚስቱ ራሷ በሌላ ስም ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። እኔን «ማኅተሙ» ይሉኛል። አንድ ሽማግሌ ከግራና ድረስ በእግራቸው መጥተው ማስረጃቸው ላይ ማኅተም ስላልነበረ መልሻቸው ነበር፤ በማግስቱ ገበያው ሁሉ ያንን ስም ይዞ ጠበቀኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ለመድኩት፤ እውነቱን ለመናገር ኮራሁበትም።

ሰው ወደ መስኮቴ ሁለትም ሦስትም ስም ይዞ ይመጣል። የቤት ስም አለው፣ የትምህርት ቤት ስም አለው፣ ሼኽ ያወጡለት አለው፣ ጓደኛ የለጠፈበት አለው። «አባቴ፣ ስምዎ የትኛው ነው?» እላለሁ። «ሁሉም ነው ልጄ» ይሉኛል። «ሁሉም አይሆንም፤ አንዱን ይምረጡ።» ግራ ይገባቸዋል። አንዳንዱ ወደ ኋላ ዞሮ ሰልፈኛውን «ኧረ እናንተ፣ እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰልፈኛው ይስቃል፤ እኔ አልስቅም። አንድ ሰው አንድ ስም ይበቃዋል፣ ሌላው ሁሉ ወግ ነው ብዬ አምን ነበር። በዚህ እምነቴ ስንቱን ሽማግሌና ስንቷን አሮጊት በፀሐይ አመላልሻለሁ።

እናቴ የተወለደችው ከመርሳ በላይ፣ ወደ ተራራው በሚያስወጣው መንገድ ላይ ባለ መንደር ነው። ያገባችው ግን ታች ግራና አጠገብ ነው። በእኛ አካባቢ ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ በመጣችበት ስም አትቆይም። አማቷ ስም ታወጣላታለች። ጫጉላው አልቆ ሙሽራዋ ወደ ጓዳ የምትገባ ዕለት የሰፈሩ ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ አማቲቱ «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ብያታለሁ» ትላለች፤ እልል ይባላል፤ አለቀ። አብዛኛውን ጊዜ ስሙ የምርቃት ነው፤ ቤቱን ሙይው፣ ከብቱን አርቢው እንደማለት ነው። ባልየውም፣ ወንድሞቹም፣ ጎረቤቱም ከዚያ ወዲያ በዚያው ይጠሯታል። አባቷ ያወጣላት ስም ከአባቷ ቤት ይቀራል።

አያቴ፣ የአባቴን እናት ማለቴ ነው፣ የምርቃት ስም አላወጣችም። እናቴ ከመምጣቷ ከአንድ ዓመት በፊት አንዲት ልጅ ሞታባት ነበር፤ የአባቴ ታናሽ። የእሷን ስም አንሥታ ለእናቴ ሰጠቻት። እኔ ይህን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። በዚያን ዕለት እልል ሊሉ የመጡት ሴቶች ሁሉ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ አሉ። እናቴ ገና ልጅ ነበረች፤ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ መሐላቸው ቆማለች፤ ለማን እንደሚለቀስ እንኳ አታውቅም። ኋላ የነገሯት ዕለት ምን እንደተሰማት ጠይቄያት አላውቅም። ስንት ነገር አለ ያልጠየቅኳት።

ደግሞ አያቴ ክፉ አልነበረችም። በእናቴ ተጽናናች። ሌላው ሰው ስለ አማት የሚያወራውን ክፋት እኔ በቤታችን አላየሁም። ነገር ግን እናቴ ትንሽ ራሷን ባመማት ቁጥር አያቴ ሰፈሩን ታምሰው ነበር፤ «ሁለተኛ ልትሞትብኝ ነው» እያለች ደረቷን ትመታለች። እናቴም ሲያማት መደበቅ ጀመረች። ጥርሷን ነክሳ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች። ሌላ ሰው ሆኖ መኖር እንዲህ ነው መሰለኝ፤ የራስሽን በሽታ እንኳ እንደልብሽ አትታመሚም።

ሌላ ስም እንዳላት አውቅ ነበር። ማን እንደሚባል ግን አላውቅም። ይህን ስናገር ሰው ይታዘበኛል፤ ይታዘበኝ። በማን አፍ ልስማው? ወላጆቿ እኔ ሳልወለድ ሞተዋል። አንድ ታላቅ ወንድም አላት፤ እሳቸውም «እታለም» እንጂ ሌላ ነገር ብለዋት አያውቁም። አባቴ በሕይወት ሳለ እናቱ ባወጣችላት ስም ነበር የሚጠራት። እኔ «እማ» እላታለሁ። ጎረቤቱ የእኔን ስም እያነሣ የእሱ እናት ይላታል። በዚህ ሁሉ መጠሪያ መሐል አንድ ስም ጠፍቶ ቢቀር ማን ልብ ይላል?

የአባቷም ነገር እንዲሁ ነው። በወጣትነቱ ከአፋር ግመል እየነዱ ከሚመጡ ነጋዴዎች ፊት ፊት ይሄድ ነበርና ገበያው «የሚመራቸው» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣለት። የደህና ሰው ስም ነው የሚመስለው፤ ቅጽል ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። ሞቶም በዚያው ነው የሚነሣው። እኔ የልጅ ልጁ፣ ያውም የመዝገብ ሠራተኛው፣ የአያቴ ትክክለኛ ስም ያ ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

አባቴ ሲሞት እናቴን ከግራና አምጥቼ መርሳ እኔ ዘንድ አስቀመጥኳት። ነዋሪ ሆነችና መታወቂያ አስፈለጋት። ልጇ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ እሷ ሰልፍ ይዛ መጣች፤ እንዲህ ነበረች። ተራዋ ሲደርስ ቅጹን ቀድሜ ሞልቼው ቆየኋት።

«ስም ሞላህ?» አለችኝ።

«ሞልቻለሁ እማ።»

«ማን ብለህ?»

ነገርኳት። ከዚያ መስኮቱ ላይ ጠጋ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማት ይመስል፣ «አባቴ ያወጣልኝም አለ እኮ» አለችኝ።

«እማ በአላህ፣ እሱን አሁን ማን ያውቀዋል? ሰው የሚያውቅሽ በዚህ ነው። ሁለት ስም አይጻፍም።»

ከኋላዋ የቆመው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንደወደድክ፤ አንተ ታውቃለህ» አለችና አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነች። የአባቷን ስም ጨርሶ አልጠየቅኳትም፤ አውቀዋለሁ ብዬ የገበያውን ስም ጻፍኩ። ዕድሜዋንም በግምት ሞላሁ። ሌላ ሠራተኛ እንዲህ አድርጎ ቢሞላ ኖሮ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት ብዬ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ፈርሜ፣ ማኅተሜን መትቼ ሰጠኋት። በመሐረብ ጠቅልላ ጡቷ ሥር ከተተችው።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት አብረን ኖርን። ደህና ነበርን። አንድ ቀን ወልድያ ለቅሶ መድረስ ነበረባትና በጠዋት ተነሣች። «ምሳህን ከድኜልሃለሁ፤ ከአሱር ሶላት በፊት እመለሳለሁ» አለችኝ። እኔ ጫማዬን እየጠረግኩ ነበር። «እሺ» አልኳት። ቀና ብዬም አላየኋት።

ረፋድ ላይ አንቴና የሻይ ብርጭቆ በእጁ እንደያዘ ቢሮዬ ገባ። «ማኅተሙ፣ እናትህ በሚኒባስ ነው የሄዱት?» አለኝ። ፊቱን ሳየው እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አንድ ሚኒባስ ሲሪንቃን አለፍ ብሎ መታጠፊያው ላይ ተገልብጧል አለኝ። ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ ያቺ የስልክ ሴትዮ ጥሪ አይቀበሉም ትላለች። ደግሜ ደወልኩ። ቢሮውን እንደተከፈተ ትቼ ባጃጅ ውስጥ ዘለልኩ።

ስደርስ መኪናው ጎማውን ወደ ላይ አድርጎ ተኝቷል። መንገዱ ላይ ማንጎ ተበትኗል፤ አንድ እግር የፕላስቲክ ጫማ ወድቋል፤ የእሷ አይደለም። የሲሪንቃ ሰዎች የተጎዱትን አንሥተው ጨርሰዋል። «አብዛኞቹን ወልድያ ወስደናቸዋል» አለኝ አንዱ። «ሁለቱን ግን ወደ ደሴ የምትሄድ ፒክአፕ አግኝተን በእሷ ላክናቸው። አንዷ ሴት ናት።» «አሮጊት ናት?» አልኩት። «ደም ነበር ወንድሜ፤ ማን አየ» አለኝ።

ወልድያ ሆስፒታል ስደርስ በር ላይ ሰው ግጥም ብሏል። ሁሉም ይጮሃል። አንዲት ነርስ የተጎጂዎቹን ዝርዝር ይዛ አንድ በአንድ ታስተናግዳለች፤ ልጅ ናት፤ ግን ረጋ ያለች ናት። ተራዬ ሲደርስ የእናቴን ስም ነገርኳት። ፈለገች። «የለችም» አለችኝ። «ደግመሽ እይ» አልኳት። ደግማ አየች። «የለችም፤ የአባት ስም ማን ነው?» አለች። ያንን የገበያ ስም ነገርኳት። እሱም የለም።

«እኔም የመዝገብ ሰው ነኝ፤ ስጪኝ ልየው» አልኳት። ሰጠችኝ። ጣቴን እያስኬድኩ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው፤ ንጹሕ ጽሑፍ ነው። የወንዶቹን ዘለልኩ። የሴቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም ወረዳችንን፣ ሀብሩን ነው የሚለው አድራሻቸው። ዕድሜም አለው። ዕድሜውን አላየሁትም፤ ስሙን ነው ያየሁት። ስሟ የለም።

አላመንኩም፤ ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ቆሜ ስሟን ጠራሁ። አያቴ ያወጣችላትን። ሦስቴ፣ አራቴ ጠራሁ፤ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ነው የጮህኩት። አንድ ሰውዬ «ኧረ በሽተኛ አለ እዚህ!» ብሎ ተቆጣኝ። ነርሷ መጣችና ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ወንድሜ፣ ለማንኛውም ገባ በልና በዓይንህ እያቸው፤ ሴቶቹ በዚህ በኩል ናቸው» አለችኝ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። መግባት ነበረብኝ። አሥር እርምጃ ነው። ይህችን ልጅ ምን እንዳልኳት ላስታውስና ልጻፈው፤ «ዝርዝሩ ላይ የለችም እኮ! የሌለችን ሰው ምን ብዬ ነው የማየው? ደሴ ናት፤ አታዘግዪኝ» አልኳት። እሷም ወደ ሰዎቹ ተመለሰች። እኔም እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ደሴ ስደርስ ሴት የተባለችው የሃያ ዓመት ልጅ ሆና ተገኘች። ወላጆቿ አጠገቧ ናቸው። እናቷን ሳያቸው ጠላኋቸው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ልጃቸውን አግኝተዋላ። ያገኘሁት ክሊኒክ ሁሉ ገባሁ። በየበሩ ያንኑ ስም እናገራለሁ፤ በየበሩ የለችም ይሉኛል። ዘመድ ቤት አደርኩ። እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት አጎቴ ደወሉ። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ከላይ ከመንደራቸው ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥተው ነው። የሆነውን ነገርኳቸው።

«በማን ስም ነው የጠየቅኸው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ስልኩ ውስጥ ነፋስ ብቻ ይሰማኛል። የጠፉብኝ መሰለኝና «ሃሎ» አልኩ።

«ልጄ» አሉኝ፤ «እሱ እኮ የሟቿ ስም ነው።»

ከዚያ የእናቴን ስም ነገሩኝ፤ ከነአባቷ። ሕይወቴን ሙሉ ሰምቼው አላውቅም፤ ግን ከአንድ ቀን በፊት አንብቤዋለሁ። ከሴቶቹ አራተኛው ላይ ነበር። የጣቴ ጫፍ አልፎበት ሄዷል። ጽሑፉ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ ሰማያዊው ቀለም፣ የመጨረሻው ፊደል ላይ ትንሽ የተጎተተው እግር። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ ምን ሆንክ ይሉኛል።

ለምን ትዝ አላለህም ትሉኝ ይሆናል። ሌላ ስም እንዳላት ታውቅ የለ እንዴ? አዎ፣ አውቅ ነበር። ራሷ መስኮቴ ላይ ቆማ ነግራኛለች። ግን ለእኔ ያ ስም አልነበረም፤ ወግ ነበር። ስሟ እኔ የጻፍኩት ነው፤ ማኅተም ያለው ነው። አንድ ሰው የራሱን ጽሑፍ ከእናቱ አስበልጦ ያምናል ቢሉኝ አላምንም ነበር። እኔ ግን አመንኩ።

ወልድያ ስደርስ እኩለ ቀን ሊሆን ነው። እናቴ ንጋት ላይ፣ በሱብሒ ሶላት ሰዓት አርፋለች። ጎኗ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር አሉኝ፤ የሚቻላቸውን ሁሉ አድርገዋል። አስከሬኗን ልወስድ ስል መታወቂያዋን ጠየቁኝ። በዕቃዎቿ መሐል ያቺ በመሐረብ የተጠቀለለችው አለች። ፈቱት። ስሙ ሌላ ነው። ዕድሜው ሌላ ነው። የአባት ስም ሌላ ነው። ከታች ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

የአስከሬን ክፍሉ ሠራተኛ መታወቂያዋንና እኔን እያፈራረቀ አየን። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን የማደርገውን አውቃለሁ፤ ሂድና ማስረጃ አምጣ ነበር የምለው። እሱ እንደዚያ አላለም። አጎቴ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ደረሱ፤ መሰከሩ፤ ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ «አላህ ያጽናህ» አለኝና በሩን ከፈተልኝ። መስጊድ ሄጄ ስለ እሱ ዱዓ አድርጌያለሁ።

የቀበርናት በዚያው ዕለት ነው፤ ግራና፣ አባቴ ጎን። አጎቴ መርዶውን በራሷ ስም አስነገሩ። የሚገርመው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አብራቸው የኖረች ሴት ሞታ ሰፈሩ ማን እንደሞተ አላወቀም። ሴቶቹ እርስ በርስ «ማናት እሷ? የማን ዘመድ ናት?» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ሲገባቸው ነው ጩኸቱ የተነሣው። አንዷ የአያቴ ጎረቤት የነበረች አሮጊት «ወይኔ፣ ያቺን ልጅ ሁለት ጊዜ ቀበርናት!» ብላ ጮኸች።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሼኹ ሊያስታውሷት፣ ተልቂን ሊያደርጉላት ተቀመጡ። እንደምታውቁት በተልቂን ሟች የሚጠራው በእናቱ ስም ነው። ወደ እኔ ዞሩና «ስሟ ማን ነው? የእናቷስ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ አየኝ። የሟች ልጅ ነኝ፤ የመዝገብ ሹም ነኝ፤ ዝም አልኩ። አጎቴ ከኋላዬ ሆነው ሁለቱንም ስም ተናገሩ። የሴት አያቴን ስም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሼኹ በዚያ ስም ጠሯት። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር። ያ ስም በዚያ መንደር ሲጠራ የመጀመሪያው ነው መሰለኝ።

ወደ ሥራ ስመለስ የእናቴን ሞት መመዝገብ ነበረብኝ። የሆስፒታሉን ወረቀትና መታወቂያዋን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ሁለቱ አይገናኙም። እኔ ለሰው ሁሉ ባወጣሁት ሕግ ከሄድን አንዲት የማላውቃት ሴት ሞታለች፤ እናቴ ግን መርሳ ውስጥ በሕይወት አለች። ብዙ ጊዜ አየኋቸው። የሥራ ባልደረባዬ «ስጠኝ፣ እኔ ልሙላው» አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው የሚል ደብዳቤ ከሆስፒታሉ ላጽፍ ወልድያ ተመልሼ ሄድኩ።

ደብዳቤው እስኪፈረም ያን ኮሪደር አልፌ ገባሁ። አሥር እርምጃ ነው ብያችኋለሁ፤ ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ ነው። ነርሷ ያሳየችኝ የእናቴ አልጋ ላይ ሌላ ሴት ተኝታለች። ከጎኑ ያለው አልጋ ላይ ግን አንዲት ሴት አለች፤ እግሯ በብረት ተወጥሮ ወደ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አለ። ዕድሜዋ ሃምሳ ቢሆን ነው። በኋላ እንደነገረችኝ ወልድያ ገበያ እህል ትነግዳለች፤ ከአደጋው በፊት ጀምሮ ነው እዚያ የተኛችው።

«ማንን ፈልገህ ነው ወንድሜ?» አለችኝ።

«ማንንም አይደለም እትዬ። እናቴ እዚህ አልጋ ላይ ነበረች።»

«የኚያ እናት ልጅ ነህ?» ብላ ክርኗን ተደግፋ ቀና አለች። «እግዚአብሔር ያጽናህ። እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ! ብቻቸውን ሆነው እንኳ ለእኔ ነው ያዘኑት።»

የሴትየዋ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ስትገባ እንዴት እንደነበረች ጠየቅኳት። ነርሷ ስም ስትጠይቃት በደንብ ትናገር ነበር አለችኝ። «ስማቸውን ከነአባታቸው ጥርት አድርገው ተናገሩ። ‹አባቴ ያወጣልኝ ነው፤ ዛሬስ በእሱ ልጻፍ› አሉ። ነርሷም ሳቅ ብላ ጻፈች።»

ከዚያ ሴትየዋ ፊቴን አተኩራ አየችኝ። የሆነ ነገር የመጣባት መሰለኝ።

«ያን ቀን እዚህ ኮሪደሩ ላይ የሚጣራ ሰው ነበር» አለችኝ። «አንተ ነበርክ?»

«እኔ ነበርኩ።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔም ተይው ልላት ፈልጌ ነበር፤ ግን አላልኳትም።

«‹ልጄ ነው፤ መጣ› አሉኝ» አለች። «ብድግ ሊሉ ሞከሩ፤ ጎናቸው አላስነሣ አላቸው። ድምፅ የላቸውም፤ እንደ ሹክሹክታ ነው። ‹እዚህ ናት በይልኝ፤ ጥሪልኝ› አሉኝ። እኔ ደግሞ ስሰማህ የምትጠራው ሌላ ሴት ነው። ስማቸውን ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አንተ የምትለው እሱን አይደለም። ሕመሙ ነው የሚያስቀባጥራቸው ብዬ፣ አፈር በሆንኩ፣ ‹እናቴ፣ ይሄ ሌላ ሰው ነው የሚፈልገው፤ አርፈው ይተኙ› አልኳቸው።»

«እሷስ ምን አለች?» አልኳት።

«‹የለም፣ እኔን ነው› አሉኝ። ከዚያ ወደ በሩ ዞረው ‹አቤት› ይሉህ ጀመር። ‹አቤት ልጄ፣ አቤት› ይላሉ፤ ከእኔ በቀር የሚሰማቸው የለም። አንተ ዝም ካልክ በኋላም አልተዉትም።»